የአክስቴ ልጅ የሚማርባት አውሮፕላን ክንፏ ላይ ላሜራው ሞገድ ሠርቷል፣ ደህና ነው ትላላችሁ?

ላሜራው (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ናችሁ። እኔ አብራሪ አይደለሁም። አውሮፕላን ውስጥ በሕይወቴ የገባሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱም ተኝቼ አለፈ። ሥራዬ ብረታ ብረት ነው። በርና መስኮት፣ የውሃ ታንከር፣ አንዳንዴ ደግሞ የተጋጨ ሚኒባስ አካል እሠራለሁ። የማውቀው ላሜራ ነው፣ ጥያቄዬም ስለ ላሜራ ነው ማለት ይቻላል።

የአክስቴ ልጅ ውጭ አገር በረራ ይማራል። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ትምህርት ቤቱንም አልጠራም። መሠረታዊውን ጨርሶ አሁን አክሮባት ጀምሯል፤ መገልበጥ፣ መሽከርከር፣ ምናምን። አውሮፕላኗ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ነች፣ ክንፏ ከታች ነው፣ ገላዋ አሉሚኒየም፣ ለአክሮባትም የተፈቀደች ነች። ባለፈው ሳምንት ሲለማመድ አፍንጫዋ ወደ መሬት ወደቀበት፣ ፍጥነቷ ጨመረ፣ እሱም ደንግጦ መሪውን ወደ ሆዱ ሳበው። "አንድ ሰው ትከሻዬ ላይ ኩንታል ጤፍ የጫነብኝ ነው የመሰለኝ" አለኝ።

ከወረዱ በኋላ የጂ መለኪያዋ (ጫናው የክብደትህ ስንት እጥፍ እንደሆነ የምታሳየዋ) መርፌ 5.4 ላይ ቆማ ነበር። የአውሮፕላኗ ገደብ 6 ነው። አስተማሪው "ከገደብ በታች ነህ፣ አትጨነቅ" አለውና ቁልፏን ተጭኖ መርፌዋን ወደ 1 መለሳት። አለቀ። መዝገብ ላይ ምንም አልተጻፈም።

ልጁ ግን ሲወርድ ክንፉ ላይ ረግጦ ነው የሚወርደው፣ ያኔ ነው ያየው። ክንፉ ከገላዋ ጋር የሚገናኝበት አጠገብ፣ ከላይ በኩል፣ ላሜራው ሰያፍ ሞገድ ሠርቷል። ፎቶ ላከልኝ። ፀሐዩ በጎን ስለመታው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚያው አካባቢ ያሉት ሪቬቶች ዙሪያ ደግሞ ጥቁር ነገር አለ፣ እርሳስ የተፈገፈገበት ነው የሚመስለው። "ቆሻሻ ነው" አሉት።

እኔ እስከማውቀው ላሜራ ዝም ብሎ አይሞግድም። ወይ ተገፍቷል፣ ወይ ተጠምዝዟል፣ ወይ ብየዳ አቃጥሎታል። እዚህ ብየዳ የለም።

ሐሙስ በዚያችው አውሮፕላን ሊበር ቀጠሮ አለው። አክስቴ አታውቅም፣ እንዳልነግራትም አስምሎኛል። ምን ልበለው? ነው ወይስ እኔ ነኝ ያለ ሙያዬ የምፈተፍተው?

አይነቃም

በቅሎ ብትገዙለት ይሻል ነበር። በቅሎ ብትጥልህ እንኳ መሬቱ ቅርብ ነው።

ቁልፍ 13 (ደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ አውሮፕላን አላውቅም፣ ግን ይቺን "ከገደብ በታች ነው" የምትባለዋን ነገር ጋራዥ ውስጥ ሃያ ዓመት ሰምቻታለሁ። ሹፌሩ ይመጣና ባሌስትራው ተሰብሯል። "ምን ጭነህ ነበር?" ስትለው "ኧረ ባዶዬን ነው፣ ከሸዋ ሮቢት ባዶዬን ነው የመጣሁት" ይላል። እውነቱን ነው! ባዶውን ነው የተሰበረበት። የተጎዳው ግን ከሁለት ወር በፊት ነው፣ ሊብሬው ከሚለው በላይ ሽንኩርት ጭኖ የጣርማበርን ዳገት ሲወጣ። የዚያን ቀን አልተሰበረም። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ይዞ ነው የሄደው።

የተሰበረውን ባሌስትራ ገልብጠህ ስብራቱን ብታየው ታሪኩን ይነግርሃል። ግማሹ ጠቁሯል፣ ዝጓል፣ አሮጌ ነው። ግማሹ ያብረቀርቃል። ያብረቀረቀው የዛሬው ነው። የጠቆረው ማንም ሳያየው ስንት ቀን አብሮት የዞረው ነው።

የአውሮፕላን ብረት ከዚህ የተለየ ፀባይ ካለው የሚያውቅ ይንገረን። የአክስትህን ልጅ ግን እኔ ብሆን አስቀረዋለሁ።

ጡረተኛ ቴክኒሻን (መሐል ሜዳ)

የተለየ ፀባይ የለውም፣ እንዲያውም ይብሳል። ብረት ጫናው ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ዕድሜ ልኩን ሊቆይ ይችላል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ወለል የለውም። ትንሿም ትንሿም ትቆጠራለች። ለዚህ ነው የአውሮፕላን ክንፍ በሰዓት የሚቆጠረው።

እኔ ደብረ ዘይት የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ጥገና ላይ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ስለ ቁጥሩ በመጀመሪያ እንነጋገር፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል።

ለአክሮባት የሚፈቀድ አውሮፕላን ቢያንስ 6 ጂ ወደ ላይ፣ 3 ጂ ወደ ታች መቻል አለበት። ተራው የትምህርት አውሮፕላን 3.8 ነው። አንድ ጂ ማለት ቆመህ የሚሰማህ የራስህ ክብደት ነው፤ 6 ጂ ላይ 70 ኪሎ የነበረው ሰው 420 ኪሎ ሆኖ ወንበሩ ላይ ይጫናል፣ ሞተሩም ነዳጁም ሁሉም እንደዚያው ስድስት እጥፍ ይከብዳል፣ ያን ሁሉ ደግሞ ተሸክሞ የሚይዘው ክንፉ ነው። ይህ "ገደብ" የሚባለው ነው። እስከ ገደቡ ድረስ ክንፉ ይጎብጣል፣ ይመለሳል፣ ቅርጹን መቀየር የለበትም። ከዚያ በላይ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 9 ጂ፣ የመጨረሻው ነው። ሲፈተን ይህን ጫና ሳይሰበር 3 ሰከንድ እንዲሸከም ነው የሚጠበቅበት። ሦስት ሰከንድ! ያውም አዲስ ሆኖ።

በ6 እና በ9 መካከል ያለውን ሰው "መጠባበቂያ" ይለዋል። መጠባበቂያ አይደለም። እዚያ መሐል ክንፉ ላይሰበር ይችላል፣ ግን ሊጣመም ይችላል፣ ተጣሞም ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ሞገዱ። ስስ ላሜራ አየር ላይ ጫና ሲበዛበት ሊሞግድ ይችላል፣ የትንሽ አውሮፕላን ቆዳ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፣ ይህ በንድፉ የታሰበ ነው። ጫናው ሲነሳ ግን ይመለሳል። መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይነካው ሞገዱ ካለ ብረቱ አልፎታል ማለት ነው። አንተ ላሜራ ሠሪ ነህ፣ ይህን ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ሪቬቱ ዙሪያ ያለው ጥቁርም ቆሻሻ ላይሆን ይችላል። ሪቬት ሲላላ ቀዳዳው ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ አሉሚኒየሙን ይፈጨዋል፣ የተፈጨው ዱቄት ጠቁሮ ይወጣል። ንፋሱ ወደ ኋላ ስለሚወስደው ጭስ የመሰለ ጭራ ይሠራል። እኛ "የሚያጨስ ሪቬት" ነበር የምንለው። ፎቶው ላይ ጭራው ወደ ኋላ ከሄደ ያው ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ ልጄ። ሞገዱ ሰያፍ ነው ብለሃል። ክንፍ ወደ ላይ ብቻ ከጎበጠ ሞገዱ ብዙ ጊዜ ክንፉን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ሰያፍ ሲሆን መጠምዘዝ ያለበት ይመስላል። መሪውን ሲስብ ወደ ጎንም አዙሮት ነበር?

ላሜራው (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደውዬ ጠየቅኩት። አዎ። ተገልብጦ ስለነበር መሬቱን ሲያይ ደነገጠና ለመቃናት መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ግራ አድርጎ፣ በዚያው ላይ ሳበው። ሁለቱንም በአንዴ።

እንዴት አወቁ? እኔኮ ይህን አልጻፍኩም።

ጭራውም ወደ ኋላ ነው። አሁን ፎቶውን አጉልቼ አየሁት።

የሞላሌ ልጅ

እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው፣ ጋሼ ነገሩን ይዘውታል። እኔ እዚህ ያለሁበት አገር ለደስታዬ ነው የምበረው፣ አክሮባትም ስድስት ዓመት ሆነኝ። ላሜራው፣ አስተማሪው የተሳሳተው 5.4 ከ6 ያንሳል ብሎ በማሰቡ አይደለም። ይህማ ሒሳብ ነው። የተሳሳተው የትኛው 6 እንደሆነ ባለማስተዋሉ ነው።

6 ጂ የሚፈቀደው ክንፎቹ እኩል ሲሸከሙ ነው። መሪውን ወደ ጎን አዙረህ በዚያው ላይ ከሳብክ አንደኛው ክንፍ ከሌላው ይልቅ ይሸከማል፣ ከዚህም አልፎ ኤሌሮኑ፣ ማለትም ክንፉ ጫፍ አካባቢ ከኋላ በኩል ያለው የሚታጠፈው ክፍል፣ ክንፉን ይጠመዝዘዋል። የዲዛይን ደንቡ ለዚህ ሁኔታ የሚጠይቀው የገደቡን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። ስድስት ሲካፈል ለሦስት ሁለት፣ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት። ስለዚህ ለአክስትህ ልጅ የዚያን ሰዓት ገደቡ 4 ነበር ብለህ አስብ። እሱ 5.4 ስቧል።

መለኪያዋ ደግሞ መሐል ነው ያለችው፣ ዳሽቦርድ ላይ። ሲታረስ ብታየው፣ አንዱ በሬ ሲያለግም ሌላው ብቻውን ይጎትታል። እርፉን ይዞ መሐል ላለው ገበሬ ማረሻው እየሄደ ነው። የአንገቱ ቁስል ያለው ግን የግራው በሬ ጋ ነው። መለኪያዋም ገበሬው ናት።

መርፌዋን መመለሱ ነው እኔን ያናደደኝ። እነዚያ መለኪያዎች ሦስት መርፌ ያላቸው በከንቱ አይደለም። አንዷ የአሁኑን፣ አንዷ ከፍተኛውን፣ አንዷ ዝቅተኛውን ታሳያለች፣ ሁለቱ ቆመው የሚቀሩት ቀጥሎ የሚበረው ሰው እንዲያያቸው ነው። ተጭነህ ስትመልሳት ለቀጣዩ ሰው የሚሄደውን ደብዳቤ እንደ መቅደድ ነው።

የምሕንድስና ተማሪ

ይቅርታ ልግባና፣ ግን ከተወሰነ ፍጥነት በታች እስከበረ ድረስ ክንፉ መሰበር አይችልም ተብለን ነው የተማርነው። ክንፉ ከመሰበሩ በፊት አየሩን መያዝ ያቅተዋል፣ ስቶል ያደርጋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ፍጥነቱ ስንት ነበር የሚለው አይደለም እንዴ? ሁላችሁም ስለ ጂ ብቻ ነው የምታወሩት።

የሞላሌ ልጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግማሹ ትክክል ነው። ሒሳቡን ለሌሎችም ልጻፈው። ክንፍ ሊያነሳ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ክንፉ በ50 ኖት (ኖት የአውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ ነው) ስቶል የሚያደርግ ከሆነ፣ በ100 ኖት መሪውን ጥግ ድረስ ብትስበው ከ4 ጂ በላይ አያመጣም፣ አየሩ ይለቀዋል። በ150 ኖት ግን 9 ጂ ያመጣል። ዘጠኝ ደግሞ ጋሼ ያሉት የመጨረሻው ቁጥር ነው። ለ6 ጂ ክንፍ የፍጥነቱ ድንበር 122 ኖት አካባቢ ይሆናል። ከዚያ በታች ስቶሉ ያድንሃል፣ ከዚያ በላይ የሚያድንህ የእጅህ ልክ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አፍንጫዋ ወደ መሬት ስትወድቅ አደገኛ የሚሆነው። ፍጥነቱ በጥቂት ሰከንድ ድንበሩን ያልፋል፣ ሰውየው ደግሞ የሚደነግጠው ልክ ያኔ ነው።

ግን ያ ድንበር የሚያወራው አንድን መሪ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ አንድ ጊዜ ስለመሳብ ነው። ሁለት መሪ አንድ ላይ ካዞርክ ወይም ወዲያ ወዲህ ካወዛወዝከው አይጠብቅህም። ይህን ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። ኅዳር 2001 በፈረንጆቹ ኒው ዮርክ ላይ ኤርባስ 300 ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ፣ መሬት ላይ ከነበሩት ጋር 265 ሰው አለቀ። ረዳት አብራሪው የጭራውን መሪ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ሲረግጠው ቀጥ ብሎ የቆመው ጭራ ተነቅሎ ሄደ። ፍጥነቱ ግን ከዚያ ድንበር በታች ነበር። ብዙ አብራሪ እስከዚያ ቀን ድረስ ልክ አንተ እንዳልከው ነበር የሚያስበው።

የምሕንድስና ተማሪ

ይህን አላውቅም ነበር። ገባኝ። ክብደቱም ይለውጠዋል አይደል?

ጡረተኛ ቴክኒሻን (መሐል ሜዳ)

ይለውጠዋል። 6 ጂ የተባለው ለአክሮባት በተፈቀደው ክብደት ነው። ብዙ ጊዜ ነዳጁን ሞልተህ፣ ሁለት ወፍራም ሰው አስቀምጠህ፣ ከኋላ ቦርሳ ከጣልክ አክሮባት ጨርሶ አይፈቀድም። ላሜራው፣ የአክስትህ ልጅ ስንት ይመዝናል ብዬ አልጠይቅም።

አይነቃም

እሺ ቀልዱን ትቼ ልጠይቅ። እንደው አያድርገውና ክንፉ አየር ላይ ቢሰበር ምን ይሆናል? በቃ አለቀ?

የሞላሌ ልጅ

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ አለቀ። አንድ ሰው ግን አላለቀም፣ ይህን ታሪክ አክሮባት የሚበር ሁሉ ያውቀዋል።

ኒል ዊሊያምስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሰኔ 1970 በፈረንጆቹ፣ ሀላቪንግተን የሚባል ሜዳ ላይ፣ ዝሊን በምትባል የቼክ አውሮፕላን ለዓለም ሻምፒዮና ሲለማመድ ድው የሚል ድምፅ ሰማ። የግራ ክንፉን ከገላዋ ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ማያያዣ ተበጥሷል። ክንፉ ወደ ላይ መታጠፍ ጀመረ፣ አውሮፕላኗም ወደ ግራ መንከባለል። ከመሬት ያለው ርቀት ትንሽ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ወሬ ሰምቶ ነበር። ሌላ አገር ያለ አብራሪ ተገልብጦ ሲበር የላይኛው ማያያዣ ተበጥሶበት፣ አውሮፕላኗ ራሷን ስታቃና ክንፉ ወደ ቦታው ተመልሶለት ተርፏል። የእኔ የተገላቢጦሽ ነው አለና ገለበጣት። ክንፉ ድው ብሎ ቦታው ገባ።

ለምን ሠራ? ክንፍ ቀጥ ብሎ ሲበር ወደ ላይ ነው የሚጎብጠው። የታችኛው ፊቱ ይሳባል፣ የላይኛው ይጨመቃል። የተበጠሰ ነገር ደግሞ ሲሳብ ይከፈታል፣ ሲጨመቅ ይዘጋል። ስትገለብጣት የተበጠሰው በኩል ተጨማቂ ሆነ። በቃ ይህ ነው። ጭንቅላቱን ወደ መሬት ዘቅዝቆ፣ በመሐል ሞተሩ ጠፍቶበት ነዳጁን መልሶ ከፍቶ፣ ዞሮ ወደ ሜዳው መጣ። ሣሩ ሊነካው ሲል አቃናት፣ ክንፉ እንደገና ሲታጠፍ አውሮፕላኗ በሆዷ መሬት ላይ ተንሸራታ ነበር። ወጥቶ በእግሩ ሄደ።

ላሜራው፣ ይህን ታሪክ ለልጁ እንዳትነግረው! ወይም ንገረውና ይህንም ጨምርለት፤ ኒል ዊሊያምስ በዓለም ላይ ካሉት ምርጦች አንዱ ነበር፣ ተገልብጦ መብረር የዘወትር ሥራው ነበር። የአክስትህ ልጅ ደግሞ ተገልብጦ መሬቱን ሲያይ ነው የደነገጠው።

ቁልፍ 13 (ደብረ ሲና)

አቤት ጉድ። ተገልብጦ! የታችኛው ነው የሚሳበው ስትል ግን ገባኝ፣ ስንጥቅም የሚጀምረው ከታች ነው ማለት ነው። ባሌስትራም በሚሳበው በኩል ነው የሚጀምረው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስንጥቁ ውስጥ ከሆነ፣ ከላይ በላሜራ ከተሸፈነ፣ እንዴት ያዩታል?

ጡረተኛ ቴክኒሻን (መሐል ሜዳ)

ጥሩ መጣህ። በዓይን የማይታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ክንፉ ውስጥ እንደ ቤት ወራጅ የሚሄድ ወፍራም ነገር አለ፣ ስፓር ይባላል፣ ሁሉን የሚሸከመው እሱ ነው። ከገላዋ ጋር በቦልት ይታሰራል። ስንጥቅ የሚወደው ቦታ የቦልቱ ቀዳዳ ነው፣ ጫናው እዚያ ይከማቻል። የቦልቱ ራስ ደግሞ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቦልቱ ይወጣና በቀዳዳው ውስጥ ኤዲ ከረንት የሚባል መሣሪያ ይገባል፣ በኤሌክትሪክ ስንጥቁን ያገኘዋል። ውጭ ላለው ክፍል ቀለም አለ፤ ትቀባዋለህ፣ ትጠርገዋለህ፣ ዱቄቱን ስትነፋበት ስንጥቅ ካለ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

ሚያዝያ 2018 በፈረንጆቹ ፍሎሪዳ ውስጥ አንዲት ፓይፐር የትምህርት አውሮፕላን እንደተነሳች የግራ ክንፏ ተነቅሎ ወደቀ። ተማሪውና ፈታኙ ሞቱ። አክሮባት አይደለም፣ የተለመደ ፈተና ነበር። ከ7,600 ሰዓት በላይ የበረረች፣ በተማሪ እጅ ስትወርድ ስትነሳ የኖረች ነች። ሲታይ ስንጥቁ በስፓሩ የታችኛው በኩል፣ የቦልት ቀዳዳው ላይ ነበር። በቀኙም ክንፍ ተገኘ። ዙሪያዋን የዞረ ሰው ሊያየው አይችልም ነበር።

የአክስትህ ልጅ ዕድለኛ ነው እላለሁ። የሱ አውሮፕላን ምልክት ሰጥታለች።

ገላዋ አሉሚኒየም ሳይሆን ካርቦን ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። እንደ ግሮብ 120 ያሉት አውሮፕላኖች አይሞግዱም፣ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚላቀቁት። እነሱን በሳንቲም መታ መታ አድርገህ ታዳምጣለህ፣ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተላቀቀው ድብን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሳቅ ሊመጣባችሁ ይችላል፣ ግን የታወቀ ሙያ ነው። አባቴ መንዝ ውስጥ ሞፈር ሲመርጥ እንዲሁ በጣቱ እየመታ ነበር የሚያዳምጠው፣ እኔ ሳንቲሙን ስይዝ ሁልጊዜ እሱ ትዝ ይለኝ ነበር።

ላሜራው (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ ምን ብዬ ልንገረው? አስተማሪውን አልፎ መሄድ ፈርቷል። "ብዙ ገንዘብ ከፍዬ፣ ቪዛዬም በነሱ ላይ ነው፣ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ልዋረድ?" ይላል። እኔም አንድ በር ሠሪ ከደብረ ብርሃን እንዲህ አለ ብሎ እንዲናገር አልፈልግም።

የሞላሌ ልጅ

ከአስተማሪው ጋር አይከራከር። አስተማሪው ስለ መብረር ነው የሚያውቀው፣ ክንፉ ደህና ነው ብሎ የመፈረም ሥልጣኑ የጥገናው ሰው ነው። ቀጥታ ወደ ሃንጋሩ ይሂድና ሦስት ነገር ብቻ ይናገር፦ 5.4 ስቤያለሁ፣ ስስበው መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ነበር፣ ክንፉ ላይ ይህ አለ። ፎቶውን ያሳይ። "ተሰብሯል" አይበል፣ "ተበላሽቷል" አይበል። የሆነውን ብቻ። ከዚያ በአውሮፕላኗ መዝገብ ላይ ይጻፈው፣ በራሱ እጅ፣ ከነቀኑ። አንዴ ከተጻፈ ማንም ሳይፈትሽና ሳይፈርም ሊያበራት አይችልም። ካልተጻፈ ግን በማግስቱ ምንም የማያውቅ ሌላ ልጅ ይዟት ይወጣል። ሐሙስ ራሱ ቢቀርና ሌላ ቢገባባት ምን ዋጋ አለው?

ውርደት ያለው ነገር አይደለም። እኔ ራሴ በሁለተኛው ዓመቴ ከልክ በላይ ስቤ ለመናገር አንድ ሌሊት ሙሉ ስገላበጥ አድሬያለሁ። ጠዋት ስናገር የጥገናው ሰውዬ "ቡና ጠጣ" ብቻ ነው ያለኝ።

ጡረተኛ ቴክኒሻን (መሐል ሜዳ)

እውነት ነው። በሥራ ዘመኔ የምወደው አብራሪ "ጋሼ ዛሬ አበዛሁት" ብሎ የሚመጣው ነበር። የምፈራው "ምንም የለም" እያለ የሚፈርመው ነው።

ሪቬቱን ጥረጉትና በርራችሁ ተመለሱ፣ ጥቁሩ ከተመለሰ ላልቷል የሚል ሰው ይመጣ ይሆናል። ዘዴው እውነት ነው፣ እኛም እናደርገዋለን። ሞገድ ባለበት ክንፍ ግን አይደረግም። መጀመሪያ ይከፈት።

አይነቃም

ታዲያ ሐሙስ ምን ሆነ? አትጥፋብን።

ላሜራው (ደብረ ብርሃን)

ይቅርታ፣ መብራት ጠፍቶብን፣ ሥራም በዝቶብኝ ነው። ልንገራችሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሃንጋሩ ሄዶ ልክ እንደተባለው ሦስቱን ነገር ተናገረ። የጥገናው ሰው ሽማግሌ ነው አለኝ፣ ፎቶውን አላየውም፣ "ና አሳየኝ" ብሎ በቀጥታ ወደ አውሮፕላኗ ሄደ። በእጁ መዳፍ ላሜራውን ዳሰሰው፣ ከዚያ ከክንፉ ሥር ያሉትን ክብ ክብ ክዳኖች ፈታ። በባትሪ ሲያዩት ውስጥ ካሉት የጎን አጥንቶች አንዱ ጎብጧል። ሪቬቶቹ ደግሞ አሥራ አንድ ላልተዋል፣ ልጁ ራሱ ቆጥሯቸዋል። ዋናው ስፓር ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም፣ ቦልቱን አውጥተው በመሣሪያ ሊያዩት ነው። አውሮፕላኗ ቆማለች፣ መሪዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

ጋሼ፣ ሰያፉ የመጠምዘዝ ነው ያሉት እዚያም ያ ሽማግሌ በራሱ አንደበት ነው የተናገረው። ልጁ ሲነግረኝ በሳቅ ነው የሞትኩት፣ መሐል ሜዳ ቁጭ ብለው ያዩት ነገር ነው።

አስተማሪው ለጊዜው አያናግረውም። ሌላ አስተማሪ ተመድቦለታል። ቁልፍ 13፣ ያንተን የባሌስትራ ነገር ነግሬው፣ ክፍል ውስጥ ለልጆቹ እንደ ራሱ አድርጎ አውርቶታል።

አክስቴ ግን ሰምታለች። እኔ አልነገርኳትም፣ መሐላዬን ጠብቄያለሁ። ታናሽ እህቱ ናት እዚህ ያነበበችው፤ "ደብረ ብርሃን፣ ላሜራ፣ የአክስቴ ልጅ" ሲል ሌላ ማን ሊሆን ነው አለች። ትናንት ማታ ነጠላዋን አጣፍታ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ስለ ክንፉ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። "ተገልብጦ ነው የሚበረው?" ብቻ ነው ያለችኝ።

አይነቃም

ምን መለስክላት?

ላሜራው (ደብረ ብርሃን)

"አንዳንዴ" አልኳት።